በ1928ቱ ጦርነት በኢትዮጵያ ግንባሮች የተዘረጋው የቀይ መስቀል ሕክምና

ፋሽስት ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግራ ኢትዮጵያን ስትወር፣ ወራሪውን ለመመከት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር የራሱ የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረውም። ዘማቹ ስንቁን በበቅሎና በአህያ ጭኖ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ሲቆስልም የሚያነሣው ወንድሙ፣ አሽከሩ ወይም የአገሩ ልጅ ነበር። አጥንቱ ሲሰበር ወጌሻ ይጠግነዋል፤ ቁስሉ ሲመግል በቅቤና በቅጠላ ቅጠል ይታሰራል። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ መጥቶ ቁስለኞችን ማከሙና በአዲስ አበባ ሆስፒታል ማቋቋሙ የሚታወስ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ባሉት 40 ዓመታት ዘመናዊ ሕክምና ከዋና ከተማዋና ከጥቂት የሚሲዮን ጣቢያዎች ብዙም አልራቀም። በ1928 የተሞከረው ነገር ታላቅነት የሚታየው ከዚህ መነሻ ሲመዘን ነው። ከሰሜን ተራሮች እስከ ኦጋዴን በረሃ በተዘረጋ ግንባር ላይ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከባዶ ተነሥቶ የጦር ሜዳ ሕክምና ለማቆም የተደረገ ሙከራ ነበር።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ወረራው ሊጀመር ሦስት ወር ያህል ሲቀረው፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ኢትዮጵያ የጦር ቁስለኞችን ስለ መጠበቅ የወጣውን የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለች። ማኅበሩም መስከረም 15 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ዕውቅና አገኘ፤ ጦርነቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ማኅበሩን በፕሬዚዳንትነት መሩት። የዕለት ሥራውን የያዘው አሜሪካዊው የሚሲዮን ሐኪም ቶማስ ላምቢ ነበር። ገንዘቡ፣ ድንኳኑ፣ መድኃኒቱና የጭነት መኪናው ሁሉ ገና የሚፈለግ ነበር። በአዲስ አበባ የወይዛዝርቱ ማኅበር ፋሻ ይጠቀልልና ከጨርቅ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ይሰፋ ነበር፤ በዚህ ሥራ ከፊት ከነበሩት አንዷ ልዕልት ፀሐይ ናቸው።

ማኅበሩ በአገር ውስጥ የተገኙትን ግሪካውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ኦስትሪያውያንና ሌሎች ሐኪሞች ሰብስቦ የራሱን የሕክምና ጓዶች አቋቋመ። ከውጭ ደግሞ የስዊድን፣ የብሪታንያ፣ የኖርዌይ፣ የኔዘርላንድና የፊንላንድ የሕክምና ጓዶች እንዲሁም የግብፅ ቀይ ጨረቃ መጡ። ከጄኔቫ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሁለት ልዑካኑን፣ ማርሴል ዡኖንና ሲድኒ ብራውንን፣ ላከ። ዡኖ ገና ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፤ በኮሚቴው ስም ሲላክም ይህ የመጀመሪያው ነው። የሁለቱ ሥራ በዋናነት ማስተባበር ነበር። ምን እንደጎደለ ይጠይቃሉ፤ የጎደለው ከየት እንደሚመጣ ይጻጻፋሉ፤ የትኛው ጓድ በየትኛው ግንባር ቢሰፍር እንደሚሻል ይመክራሉ፤ ግንባሮቹንም ራሳቸው እየሄዱ ያያሉ። ኮሚቴው ለሁለቱም ወገን እርዳታ ቢያቀርብም ኢጣሊያ የራሴ የጦር ሕክምና ይበቃኛል ብላ አልተቀበለችም። ስለዚህ ልዑካኑ የሠሩት በኢትዮጵያ በኩል ብቻ ነው። ይህም ኋላ ኢጣሊያ ለምታሰማው ወቀሳ አመቺ ሆነ።

የጓዶቹ አሰፋፈር የተወሰነው መኪና በሚደርስበት ቦታ ነው። ዕቃው በጅቡቲ ባቡር ወይም ከበርበራ በጭነት መኪና ይመጣል። በሰሜን ደሴና ወደ ቆረም የሚወስደው መንገድ ዋናው መስመር ሆኑ፤ የኔዘርላንድ ጓድ በደሴ፣ የብሪታንያ ጓድ ደግሞ ወደ ፊት ቀርቦ በቆረም አካባቢ ሰፈረ። በምሥራቅ ሐረርና ጅጅጋ ለኦጋዴኑ የደጃዝማች ነሲቡ ጦር ጀርባ ሆኑ፤ ግብፃውያንና ፊንላንዳውያን የሠሩት እዚያ ነው። የፊንላንዱን ጓድ የመራው በዕድሜ የገፋው እውቅ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሪቻርድ ፋልቲን ነበር። በደቡብ ኖርዌያውያን በሲዳሞ ሲቆሙ፣ በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ጓድ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ተከትሎ ገናሌ ዶርያ ወንዝ ዳር እስከ መልካ ዲዳ ዘለቀ።

ይህ አሰፋፈር በካርታ ላይ ሲታይ ደኅና ይመስላል። ችግሩ የነበረው ጥይቱ ከሚመታበት ቦታ እስከ ድንኳኑ ባለው ርቀት ነው። ዛሬ የጦር ሕክምና ባለሙያዎች ደም የሚፈሰውን ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ማድረስ ይነጋገራሉ። በዚያ ዘመን ከተንቤን ወይም ከሽሬ የቆሰለ ሰው ወደ ደቡብ ለቀናት መጓዝ ነበረበት። ከሐኪሙ ወደ ፊት ደም አቁሞ፣ ስብራት አስሮ ወደ ኋላ የሚልክ ጣቢያ የለም፤ በትእዛዝ የተመደበ ቃሬዛ ተሸካሚም የለም። ቁስለኛው ባለ በቅሎ ከሆነ በበቅሎ፣ ወዳጅ ካለው በትከሻ፣ ሁለቱም ከሌለው በምርኩዝ ይመጣል። ስለዚህ ከድንኳኑ የሚደርሱት በአብዛኛው እጃቸውን ወይም እግራቸውን የቆሰሉት ነበሩ፤ ሆዱን ወይም ደረቱን የተመታው መንገድ ላይ ይቀራል። የደረሱትም ቁስላቸው ቀናት አልፎት መግሏል። ሐኪም ግንባር አካባቢ መድረሱና ቁስለኛ ሐኪም ዘንድ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በ1928 ብዙ የተደከመበት የመጀመሪያው ነው። ለሁለተኛው የሚያስፈልገውን ሰውና እንስሳ ማዘዝ የሚችለው የጦር አዛዡ ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ አዛዥ ደግሞ የራሱን ጦር በራሱ መንገድ ይመራ ነበር። ከአዲስ አበባ የተጻፈ የቀይ መስቀል ደብዳቤ ይህን ሊለውጥ አይችልም። ክፍተቱን በከፊል የሞሉት ከሚሲዮን ሆስፒታሎች የመጡ ድሬሰሮች (ቁስል የሚያጥቡና የሚያስሩ ረዳቶች)፣ አስተርጓሚዎችና ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የወጡ ወጣቶች ናቸው። የውጭ ሐኪሞቹ ስም በመዝገብ ሲቀር የብዙዎቹ የእነዚህ ኢትዮጵያውያን ስም አለመቀመጡ ያሳዝናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሥራውን ያፈረሰው የአየር ጥቃት ነው። የጄኔቫው ሥርዓት የተመሠረተው በምልክት ላይ ነበር። የሕክምና ሰፈር ከጦሩ ተለይቶ ገላጣ ቦታ ላይ ይተከላል፤ ከአየር እንዲታይም ቀይ መስቀል ያለበት ትልቅ ጨርቅ መሬት ላይ ይነጠፋል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ደሴ በቦምብ ስትደበደብ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ተመታ። በከተማዋ የነበሩት የውጭ ሐኪሞች በአንድነት ፈርመው ተቃውሟቸውን አሰሙ። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ የመልካ ዲዳው የስዊድን ሰፈር ተደበደበ። በድንኳን ተኝተው የነበሩ በርካታ ሕሙማን አለቁ፤ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትረም ሞተ፤ ሂላንደርም ቆሰለ። ከአየር የተበተነው ወረቀት አንድ የተማረከ ኢጣሊያዊ አብራሪ በመገደሉ የተወሰደ የአጸፋ እርምጃ መሆኑን የሚናገር ነበር፤ የግንባሩ አዛዥ ግራዚያኒ ነው። ሕሙማንን በሌላ ሰው ሞት መበቀል በየትኛውም የጦር ሕግ ቦታ የለውም። የካቲት 25 የብሪታንያው ጓድ በቆረም አቅራቢያ ተመታ፤ መጋቢት 20 ሐረር ስትደበደብም ምልክት ያለባቸው ሆስፒታሎች አልተረፉም።

ኢጣሊያ ኢትዮጵያውያን ምልክቱን ለጦር መሣሪያ መሸሸጊያ ያደርጉታል ስትል ራሷን ተከላከለች። ለዚህም ማስረጃ ብላ ካቀረበቻቸው አንዱ፣ አምባ አራዶም ላይ የተማረኩት ፖላንዳዊ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሐኪምና ረዳቱ የፈረሙት ቃል ነው። ሁለቱ ከተለቀቁ በኋላ ቃሉ በማስፈራራትና በእንግልት የወጣ መሆኑን ተናገሩ።

የተግባር ውጤቱ ግን ቀድሞ ታይቷል። ሐኪሞቹ ጨርቁን ከመሬት ማንሣት፣ ድንኳን ትተው በዋሻና በዛፍ ሥር መሥራት፣ ቁስለኛ ማንቀሳቀስንም ለሌሊት ማቆየት ጀመሩ። የሚሸሸግ ሆስፒታል ብዙ ሰው አያስተኛም፤ በቀን ብርሃን ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ይቸገራል፤ ቁስለኛውም ቢሆን የት እንዳለ አያውቅም። በሰፊ ሜዳ ላይ የተዘረጉ ድንኳኖችን ያዩ ዘማቾችና ባላገሮች ራሳቸው ቀይ መስቀሉ ቦምብ ይጠራል ብለው ይሸሹ ነበር፤ ካዩት በኋላ ማን ይፈርድባቸዋል?

የመርዝ ጋዙ ደግሞ ማንም ያልተዘጋጀበት ነበር። የሰናፍጭ ጋዝ በቦምብ መጣል የጀመረው በታኅሣሥ ወር በተከዜ አካባቢ ነው፤ ኋላ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ይረጭ ጀመር። ኢጣሊያ በ1925 እ.ኤ.አ. ጋዝን የከለከለውን የጄኔቫ ውል የፈረመች አገር ነበረች። ይህ መርዝ ወዲያው አይገድልም። በሣርና በውኃ ላይ ይቆያል፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይንን ያውራል፣ ሳንባን ያቃጥላል። በባዶ እግሩ ለሚሄድ ዘማች ከዚህ የከፋ አይገኝም። ሕክምናው የተበከለውን ልብስ አውልቆ በብዙ ውኃና ሳሙና መታጠብ፣ ዓይንን አዘውትሮ ማጠብ፣ ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ እየቀየሩ ማሰር ነው። ለአንድ ሰው ቀላል ነው። ወንዙ ራሱ በተመረዘበት፣ ዘማቹ መቀየሪያ ልብስ በሌለው ግንባር ግን በቀን መቶዎችን ለማጠብ የሚችል ጓድ አልነበረም። ከቃጠሎው በቀር ሌላ ቁስል የሌላቸው ሰዎች ድንኳኖቹን ሞሉ፤ ለጥይት ቁስል ተብሎ የመጣው ፋሻም በእነርሱ አለቀ።

ዡኖ ይህን በዓይኑ አይቷል። መጋቢት 8 ቀን ቆረም ላይ የቀይ መስቀሉ አውሮፕላን በቦምብ ከወደመ በኋላ፣ በሜዳው ላይ በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎች ተኝተው «አቤት፣ አቤት» እያሉ ሲጮኹ መስማቱን ኋላ በማስታወሻው ጽፏል። ነገር ግን የመንግሥታት ማኅበር ስለ ጋዙና ስለ ሆስፒታሎቹ ድብደባ መረጃ እንዲሰጠው ሲጠይቅ፣ የጄኔቫው ኮሚቴ ገለልተኛነቱን ጠቅሶ ልዑካኑ የሰበሰቡትን አሳልፎ አልሰጠም። የሁለቱን ወገኖች አቤቱታ እያስተላለፈ በይፋ ከማውገዝ ተቆጠበ። የኮሚቴው ሰዎች መናገር ወደ ቁስለኛ የሚያደርሰውን በር ይዘጋል ብለው ያምኑ ነበር፤ ሐሳቡ በሌሎች ጦርነቶች ክብደት ሊኖረው ይችላል። እዚህ ግን አንደኛው ወገን በሩን አስቀድሞ ዘግቶታል፤ በሌላው ወገን ያሉት ሆስፒታሎች ደግሞ በሩን በዘጋው ወገን ቦምብ ይቃጠሉ ነበር። ዝምታው ለማን በር እንደ ከፈተ ማሳየት አስቸጋሪ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት የታሪክ ተመራማሪዎች የኮሚቴውን መዛግብት አገላብጠው የደረሱበት ፍርድም በአብዛኛው ከባድ ነው።

መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦሩ ሲፈታ የሰሜኑ የሕክምና መስመር አብሮ ፈረሰ። ጓዶቹ የቻሉትን ቁስለኛ በመኪና ጭነው ከሚያፈገፍገው ሕዝብ ጋር ወደ ደቡብ ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ ሲወጡ ከተማዋ በዝርፊያና በቃጠሎ ታመሰች። የብሪታንያው ጓድ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ መኪናውን ይዞ በየመንገዱ የወደቁ ቁስለኞችን ሲያነሣ በጥይት ተመታ፤ ከቀናት በኋላም አረፈ።

በወረራው ዓመታት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሥራ ተቋረጠ፤ ማኅበሩ እንደገና የቆመው ከነጻነት በኋላ ነው። ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜያቸው አረፉ። ለመታሰቢያቸው የተሠራው ሆስፒታል ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል። በስዊድን ጓድ አብራሪነት የመጣው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማቋቋም ትልቅ ድርሻ አበረከተ፤ በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ መርዙ በተከዜ ከተጣለ 60 ዓመት ሞልቶት ነበር።