የካምቢዮ ሙቀት ሴንሰር የት ይገጠም? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ኦቶማቲክ ካምቢዮን ክፉኛ ይፈትናል። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ 2,000 ሜትር ያወጣል፤ የሚነሳበት ቆላ ደግሞ ራሱ ሙቀት ነው። በዚህ መስመር ለሚመላለስ መኪና የካምቢዮ ሙቀት ጌጅ ማስገጠም ተገቢ ወጪ ነው። ሴንሰሩ ያለቦታው ከገባ ግን ጌጁ ባለቤቱን ያዘናጋል።

«የሞተሩ ጌጅ መሃል ላይ ከቆመ ካምቢዮውም ደህና ነው»

የሞተሩ ጌጅ የሚያሳየው የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት ብቻ ነው። ጭነት ይዞ በዝግታ ዳገት የሚወጣ መኪና ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ሳይቆለፍ፣ ማለትም ሁለቱ ጎኖቹ ቀጥታ ሳይያያዙ ይሠራል፤ በውስጡ የሚባክነው ጉልበት ደግሞ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ውሃው 90 ዲግሪ ላይ ተረጋግቶ ሳለ ከኮንቨርተሩ የሚወጣው ዘይት ከ130 ሊያልፍ ይችላል።

«የትም ቢገጠም ቁጥሩ ያው ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ካምቢዮ ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይገኛሉ። ከካምቢዮው ወደ ዘይት ማቀዝቀዣው የሚሄደው መስመር ከሁሉም ይሞቃል፤ ቁጥሩም ቶሎ ይወጣል፣ ኮንቨርተሩ ሲቆለፍ ቶሎ ይወርዳል። ኦይል ፓኑ (ከካምቢዮው ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት ሳህን) ውስጥ ያለው ዘይት የተቀላቀለ ስለሆነ በቀስታ ይለዋወጣል፤ ካምቢዮው በአብዛኛው የሚሠራበትን ሙቀት የሚናገረው እሱ ነው። ከማቀዝቀዣው የሚመለሰው መስመር ከሁሉም ይቀዘቅዛል። እዚያ የተገጠመ ጌጅ ማቀዝቀዣው መሥራቱን ይናገራል እንጂ ካምቢዮው መቃጠሉን በጊዜ አይነግርም።

አንድ ጌጅ ብቻ ከሆነ ምርጫችን ኦይል ፓኑ ነው። እዚያ ከ70 እስከ 95 ዲግሪ ጤነኛ ነው፤ 110 ሲደርስ ፍጥነት መቀነስ፣ 120 ሲያልፍ መቆም ያስፈልጋል። ለሁለተኛ ጌጅ አቅም ካለ ወደ ማቀዝቀዣው በሚወጣው (ወጪው) መስመር ላይ ይግባ። እዚያ ዳገት ላይ ለአጭር ጊዜ 120 ማየት አያስደነግጥም፤ ያው ቁጥር ኦይል ፓኑ ላይ ከታየ ግን ዘይቱ እያረጀ ነው።

የትኛው መስመር ወጪ እንደሆነ በግምት አይወሰን። መኪናው አድሮ ሲቀዘቅዝ ሞተሩን አስነስተው ሁለቱን ቱቦዎች ይዳስሱ፤ ቀድሞ የሚሞቀው ወጪው ነው። አንዳንድ ካምቢዮ ዘይቱ እስኪሞቅ መስመሩን የሚዘጋ ቴርሞስታት አለው፤ እንዲህ ከሆነ ጥቂት ነድተው ይፈትሹ።

«ሴንሰሩን ቱቦው ላይ ከውጭ ማሰር ይበቃል»

ከውጭ የታሰረ ሴንሰር የብረቱን ሙቀት ነው የሚለካው፤ ንፋስ ሲያገኘው ደግሞ ከዘይቱ በታች ያነባል። ሴንሰሩን ለመያዝ ቱቦው መሃል ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ሲገጠምም የሴንሰሩ ጫፍ ዘይቱ የሚፈስበት መሃል መድረስ አለበት። ጎን ላይ ባለው አፍ ውስጥ ተደብቆ ከቀረ ያገኘው የቆመ ዘይት ነው።

«ኦይል ፓኑን በትራፓኖ በስቶ ጥርስ ማውጣት ነው»

የብዙ መኪኖች ኦይል ፓን 2 ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ላሜራ ነው፤ ጥርስ አይዝም። ፓኑ ይውረድ፣ ይበሳ፣ ውስጡ ጥርስ የወጣለት የብረት ቁራጭ በብየዳ ይያዝ፣ ከዚያ ብናኙ እስኪጠፋ ይታጠብ። በመኪናው ላይ እንዳለ መብሳት የብረት ብናኝን ወደ ቫልቭ ቦዲ (የዘይቱን ፍሰት እየመራ ማርሽ ወደሚቀይረው ክፍል) መላክ ነው።

ቦታው በጎኑ በኩል፣ ከዘይቱ ከፍታ በታች ይሁን፤ ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ፓኑ ሲገጠም የሴንሰሩ ጫፍ ፊልትሩን እንዳይነካ አስቀድሞ ይለካ። ከፓኑ ሥር ወደ ታች የወጣ ሴንሰርን ድንጋይ ይቆርጠዋል፤ ዘይቱም መንገድ ላይ ይፈሳል።

«1/8 ኢንች የሴንሰር ጥርስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው»

የአሜሪካው ኤንፒቲ በኢንች 27፣ የጃፓኑ ፒቲ 28 ጥርስ አለው። አንዱ በሌላው ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ የያዘ ይመስላል፤ በጉልበት ሲጠብቅ ግን የአልሙኒየሙ ገላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

«ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው የቴፍሎን ማሸጊያ በበዛ ቁጥር ዘይት አያንጠባጥብም»

ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ኔጋቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ከካምቢዮው ገላ ነው። ቴፍሎኑ ሲበዛ ግንኙነቱ ይደክማል። አብዛኞቹ ሴንሰሮች ሲሞቁ ሬዚስታንሳቸው (ኤሌክትሪክን የመግታት አቅማቸው) ስለሚቀንስ፣ የደከመ ግንኙነት ጌጁን ከእውነቱ በታች እንዲያነብ ያደርገዋል፤ ዘይቱ እየተቃጠለ ጌጁ ደህና ነው ይላል። ትንሽ የማሸጊያ ቅባት ከመጀመሪያው ጥርስ ቀጥሎ ቀብተው፣ ከሴንሰሩ ገላ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ በቴስተር ይለኩ፤ ንባቡ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት።

«በፈላ ውሃ ተፈትኖ 100 ካላሳየ ብልሹ ነው»

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ሐረር ላይ በ94 ገደማ ይፈላል። ሐረር ላይ በፈላ ውሃ ውስጥ ሆኖ 100 የሚያሳይ ጌጅ ነው መጠርጠር ያለበት። ሲፈተሽ የሴንሰሩ ገላ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በሽቦ ይገናኝ፤ ጫፉ የድስቱን ሥር አይንካ። ሴንሰሩና ጌጁ አብረው የተሠሩ ጥንድ መሆናቸውም ይረጋገጥ።

«ጌጁ ከፍ ካለ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው»

ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፓምፕ ይቆማል፤ ሙቀቱም ባለበት ይቀራል። ዘይት የሚያፈስ ወይም ውሃው የፈላ መኪና ካልሆነ በቀር ዳር ይያዙ፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርገው የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ሞተሩን ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ያቆዩት። ዘይቱ በማቀዝቀዣው በኩል ሲዞር ቁጥሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ዳገቱን ሲቀጥሉ በዲ ፋንታ ዝቅ ያለ ማርሽ ይያዙ።