አንድ ኩባያ ዱቄት ስንት ግራም ነው?

የኬክ አሠራር ላይ «1 ኩባያ» ሲባል መጠኑን እንጂ ክብደቱን አይነግረንም። የአሜሪካው መለኪያ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በዚያው ኩባያ ስኳር 200፣ ቅቤ 227፣ ማር ደግሞ 340 ግራም ያህል ይመዝናል።

አስቸጋሪው የፉርኖ ዱቄት ነው። በማንኪያ ተጨምሮ አፉ በቢላዋ ጀርባ ሲስተካከል ከ120 እስከ 125 ግራም ይሆናል። ኩባያው ራሱ ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ሲዛቅ ግን ይጠቀጠቅና 150 ሊደርስ ይችላል። 3 ኩባያ በሚጠይቅ ኬክ ከ75 ግራም በላይ ትርፍ ዱቄት ገባ ማለት ነው፤ ኬኩም ይደርቃል፣ አናቱም ይሰነጠቃል። ባዶውን ሳህን ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ከዚያ 360 ግራም ዱቄት ጨምሩ።

ቤኪንግ ፓውደሩን ግን በሻይ ማንኪያ ለኩ፤ ብዙ የወጥ ቤት ሚዛኖች 2 ግራምን ከ3 ግራም አጥርተው አይለዩም።