ስደት፦ ቃሉና አጠቃቀሙ

ስደት «ሰደደ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። መስደድ መላክም ነው፣ ማባረርም ነው፤ ሰደድ እሳትም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ስለዚህ ስደተኛ ስንል በፈቃዱ የሄደውንም ተባሮ የወጣውንም እኩል ይይዛል። ግዞት ግን ሌላ ነው። ግዞተኛ የሚኖርበትን ቦታ የሚመርጥለት መንግሥት ነው፣ ደግሞም ከሀገር መውጣት የግድ አይደለም፤ ልጅ ኢያሱ ፍቼ፣ በኋላም ጋራ ሙለታ የቆዩት በግዞት ነው። የባቢሎኑን ደግሞ ምርኮ ነው የምንለው።

በቤተ ክርስቲያን ስደት የክብር ቃል ነው። ወንጌሉ «ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ ብፁዓን ናቸው» ሲል መንገላታትን ነው እንጂ ሻንጣ መያዝን አይደለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኃ ጽጌ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ ነው። ጾሙ የፈቃድ ነው፤ ማኅሌቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል፣ ያላየ አንድ ቅዳሜ ሌሊት ሄዶ ይየው። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ወደ አክሱም የመጡበት ስደት በእስልምናው ሂጅራ ይባላል።

ወደ ፖለቲካው ስንመጣ ቃሉ መልኩን ይቀይራል። ጣሊያን ሀገሩን ሲወር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ፤ ሰኔ 23 ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፣ ከዚያ ባዝ በምትባል ከተማ ዓመታት ቆዩ። ጥር 12 ቀን 1933 በሱዳን ድንበር ባለችው በኦሜድላ ገቡ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ከድሉ በኋላ ሰዉ አርበኛ፣ ባንዳና ስደተኛ ተብሎ ተከፈለ፤ ሹመት ሲታደልም ዱር ያደረው አርበኛ ስደተኛውን በጎሪጥ አየው። መውጣታቸው ሽሽት ነበር የሚሉ አሁንም አሉ፤ የጄኔቫውን ንግግር ያነበበ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈርድም። በወረራው ዘመን የጣሊያን ገዥ የነበረው ግራዚያኒ ወደ ጣሊያን የላካቸው መኳንንት ስደተኛ አልተባሉም፣ እነሱ ግዞተኞች ናቸው።

በደርግ ዘመን ብዙ ሰው በሱዳንና በኬንያ በኩል ወጣ። ከ1983 በኋላ በውጭ ሀገር ለተቋቋመው የጳጳሳት ጉባኤ «ስደተኛው ሲኖዶስ» የሚል መጠሪያም መጣ። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወረዱ ወይስ አወረዷቸው የሚለው ሲያጨቃጭቅ ኖሮ፣ በ2010 ዕርቅ ወረደ።

ዛሬ ዐረብ ሀገር ለሥራ የሄደችው ልጅ «ስደት ላይ ነኝ» ትላለች። ዋሽንግተን ያለው አጎቷ ለበዓል ሲመጣ ግን ዲያስፖራ ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ጊዜ እሱም ወረቀቱ ላይ ስደተኛ ነበር።