ራማ ሰው ነው ወይስ አምላክ? በራማያና ላይ ያለው የምሁራን ክርክር

ራማያና ቫልሚኪ የጻፈው ጥንታዊ የህንድ የጀግና ታሪክ ግጥም ነው። በስድስተኛው መጽሐፍ፣ የራማን ሚስት ሲታን የጠለፈው የአጋንንት ንጉሥ ራቫና ከተገደለ በኋላ፣ ሲታ ንጽሕናዋን ለማሳየት እሳት ውስጥ ትገባለች። አማልክቱ ወርደው ራማን «እንዴት ዝም ብለህ ታያለህ?» ብለው ይወቅሱታል። እሱ ግን ግራ ይገባዋል። ራሴን የማውቀው ሰው፣ የንጉሥ ዳሻራታ ልጅ አድርጌ ነው፤ ማን እንደሆንኩ ንገሩኝ ይላል። ፈጣሪው አምላክ ብራህማም «አንተ ናራያና ነህ» ይለዋል፤ ናራያና ማለት ታላቁ አምላክ ቪሽኑ ነው። ምሁራኑ ዞረው ዞረው የሚጋጩት እዚህ ቦታ ላይ ነው።

አንዱ ወገን ጽሑፉን እንደ ንብርብር ያያል። ጀርመናዊው ኸርማን ያኮቢ በ1893 (እ.ኤ.አ.) ከሰባቱ መጻሕፍት የመጀመሪያውና የመጨረሻው በኋላ የተጨመሩ ናቸው አለ። በዋናው ታሪክ ራማ ጀግና ሰው ነው፤ አምላክነቱ ኋላ የመጣ ነው። ጆን ብሮኪንግተንም በ1984 ቋንቋውንና ስልቱን እየመዘነ የግጥሙን እድገት በደረጃ ከፋፈለ። ዘዴው ጠንካራ ነው፣ አደጋም አለው። ራማን አምላክ የሚያደርገውን ስንኝ ሁሉ «ዘግይቶ የገባ» ካልነው፣ የቀረው ራማ ሰው መሆኑ ምን ይገርማል?

በህንድ፣ ባሮዳ ከተማ ከ1960 እስከ 1975 የታተመው፣ ብዙ የእጅ ጽሑፎችን ያመሳከረው የራማያና እትም ያንን የእሳቱን ትዕይንት አልጣለውም። ይህ ግን ክርክሩን አይዘጋም። ቅጂዎቹ ከግጥሙ በብዙ መቶ ዓመታት የዘገዩ ናቸውና።

ሼልደን ፖሎክ በ1984 ሌላ መንገድ ያዘ። ራቫና አማልክትና አጋንንት እንዳይገድሉት ከብራህማ ቃል ተቀብሏል። ሰውን ግን ንቆ ሳይጠቅስ ቀረ። ስለዚህ ገዳዩ ሰው መሆን አለበት፤ ተራ ሰው ደግሞ አይችለውም። አምላክነቱ ከታሪኩ ከወጣ ሴራው ይፈርሳል ማለት ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው። ራቫና ከብራህማ የተቀበለው ቃል ታሪክ በሰፊው የሚተረከው ያኮቢ በጠረጠራቸው መጻሕፍት ነው፤ ቢሆንም ራቫና ራሱ በስድስተኛው መጽሐፍ ያስታውሰዋል።

የቫይሽናቫ፣ ማለትም ቪሽኑን የሚያመልኩ፣ ተንታኞች፣ ለምሳሌ የ16ኛው ክፍለ ዘመኑ ጎቪንዳራጃ፣ ገና ድሮ አምላክነቱን ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል። መነሻቸው ሴራው ሳይሆን እምነታቸው ነው።

በሌላው ጥንታዊ የህንድ ግጥም፣ በማሃባራታ፣ ጥያቄው ይለያል። በዚያ ሰው ሆኖ የመጣው አምላክ ክሪሽና ማንነቱን ያውቃል። በጦርነቱ አንደኛው ወገን በሆኑት በካውራቫዎች ሸንጎ መለኮታዊ መልኩን ያሳያል፣ መሪያቸው ዱርዮዳና ግን ከጦርነቱ ንቅንቅ አይልም። ምሁራኑ ማድሌን ቢያርዶና አልፍ ሂልተባይተል ይህን የክሪሽናን አምላክነት ኋላ የተለጠፈ ሳይሆን የድርሰቱ ዋና አካል አድርገው ያነቡታል።