ሃሞክ ወይስ ድንኳን? በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ካምፒንግ ለመውጣት የሚዘጋጁ ጓደኞቼ «ሃሞክ (ሁለት ዛፍ መሃል ታስሮ የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ) ልግዛ ወይስ ድንኳን?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ «የት ልታድሩ ነው?» እላለሁ። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

«ሃሞክ ከመሬት ስለሚርቅ አይበርድም»

ብዙ ሰው የሚቀጣው በዚህ ነው። መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ፣ ጥድ ላይ አስሬ ያደርኩባትን የመጀመሪያ ሌሊት አልረሳትም። ከላይ ሞቆኛል፣ ጀርባዬ ግን በረዶ ሆኗል። እጄን ወደ ታች ሰድጄ ስሊፒንግ ባጉን (የመኝታ ከረጢቱን) ስዳብሰው በክብደቴ ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ስስ ሆኗል። ሙቀት የሚይዘው በውስጡ ያለው አየር ነው፤ እሱ ሲወጣ ከሥር የሚነፍሰው ንፋስ በቀጥታ ገላ ያገኛል። ስለዚህ ከጀርባ በታች ስፖንጅ ፍራሽ ወይም ከሃሞኩ ሥር የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ የግድ ነው።

«ጥብቅ ብሎ ካልተወጠረ ይወድቃል»

እንዲያውም አደጋው መወጠሩ ላይ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማሰሪያው ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ሲያዘቀዝቅ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 70 ኪሎ ጉልበት ያርፋል። 10 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል! ገመድ የሚበጠሰው፣ የዛፍ ልጥም የሚላጠው ያኔ ነው። ረገብ አድርጉት፣ ማሰሪያውም ሰፊ ይሁን። ደረቅ ዛፍ ላይ በጭራሽ እንዳታስሩ።

«ወገብ ያስይዛል»

ቀስት መስሎ ለሚተኛ፣ አዎ። ረገብ ባለው ሃሞክ ላይ ሰያፍ ሆናችሁ ተኙ፤ ጨርቁ ይዘረጋል፣ ጀርባም ቀጥ ይላል።

«ዛፍ የትም አይጠፋም»

ሰሜን ተራሮች ላይ ግጭ ካምፕ ድረሱና እዩት። ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ ነው፤ ሣርና ጅብራ ነው ያለው። ጅብራ ደግሞ ሰው አይሸከምም። ባሌ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቴ አምባም እንደዚያው ነው። እዚያ ድንኳን ብቻ ነው የሚያዋጣው። ከሳነቴ ወርዳችሁ ሐረና ጫካ ስትገቡ ግን ዛፉ ሞልቷል፤ ለማሰር የፓርኩን ሰዎች ማስፈቀድ አትርሱ።

«ድንኳን ራሱ ያሞቃል»

ድንኳን ንፋስና ዝናብ ይከላከላል እንጂ ምድጃ አይደለም። ብርዱ ከመሬት ስለሚመጣ ፍራሹ ላይ አትሰስቱ። ሙቀት ለመያዝ ብላችሁ መተንፈሻውን ብትዘጉት ደግሞ ትንፋሻችሁ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ሲንጠባጠብባችሁ ያድራል።

«ሃሞክ ላይ ትንኝ አይደርስም»

ላንጋኖ ዳር ይህን አምኖ ማደር ለወባ ራስን መስጠት ነው። ትንኝ ስሱን ጨርቅ አልፋ ከሥር ትነክሳለች። ዙሪያውን የሚሸፍን አጎበር ያዙ።

«ሃሞክ ሁልጊዜ ክብደቱ ይቀላል»

ጨርቁ ብቻውን አዎ። የዝናብ ሸራ፣ አጎበር፣ ማሰሪያና የጀርባ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ሲጨመርበት ከቀላል ድንኳን ብዙም አይለይም። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን ኪሎውን እርሱት፣ ድንኳን ያዙ። ሌሊት ስትባንኑ እጃችሁን ዘርግታችሁ ብርድ ልብሱ አለመገፈፉን ትዳብሳላችሁ።