በሰሜን ሸዋ የማስታገሻ ሕክምና ነርሶች ድካም

የማስታገሻ ሕክምና (ፓሊየቲቭ ኬር) በሽታው ባይድንም ሕመምተኛው እንዳይሰቃይ የሚደረግ እንክብካቤ ነው። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። በብዙ ሆስፒታሎች ግን ለብቻው ክፍል የለውም፤ ነርሷ ከሌላው ሕመምተኛ ጋር ደርባ ትይዘዋለች። ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ ርቀቱ አለ። ከመንዝና ከመርሐቤቴ በሪፈር ደብረ ብርሃን የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ለካንሰር የጨረር ሕክምና ከታዘዘለት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት የሥራ መሰላቸትን (በርንአውት) በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ብሎ መዝግቦታል። ምልክቱ መዛል፣ ሥራን መጥላት፣ ውጤታማ አለመሆን ነው። እዚህ ግን ሞት ማየቱ ብቻ አይመስለኝም ነርሷን የሚያዝላት። የሕመምተኛው ልጆች ኮሪደር ላይ ያስቆሟታል፦ «ሲስተር፣ በማርያም፣ ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሪያቸው።» አባትየው ደግሞ ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቀው፣ ትራሳቸውን ስታስተካክል፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እድናለሁ ወይ?» ይሏታል። ሁለቱም አደራ ነው። በአንድ ፈረቃ ስንቴ እንዲህ ይገጥማታል!

የከባድ ሕመም ማስታገሻው ሞርፊንም አለ። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ርካሽ ነው፤ በየ4 ሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይነሳ መሰጠት አለበት። አቅርቦቱ ሲቆራረጥ፣ ወይም ቤተሰብ «ሱስ ያስይዝብናል» ብሎ ሲከለክል፣ መፍትሔውን እያወቀች ባዶ እጇን ትቆማለች።

አንዳንዱ መድኃኒቱን ትቶ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይሄዳል። ብዙዎቹ ነርሶች ራሳቸው ጠበልተኛ ናቸው፤ ስለዚህ አይከራከሩም። ማስታገሻውን ይዞ እንዲሄድ ያግባባሉ።

መርዶውም እነሱ ላይ ይወድቃል። በባህላችን መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይነገራል። ሆስፒታል ውስጥ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንዲት ተረኛ፣ ለአንድ አስታማሚ፣ ቆማ ትናገራለች። ወዲያው ወደ ቀጣዩ አልጋ ታልፋለች፤ መድኃኒት የሚጠብቅ አለ። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ያንን ቤተሰብ ቅዳሜ ገበያ ላይ ታገኘዋለች።

የሚረዳው ነገር ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ሞት በገጠመ ማግስት ሠራተኞቹ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው ቢያወሩ፣ ከባዱ ዋርድ በዙር ቢዳረስ፣ መርዶ አነጋገር በሥልጠና ቢሰጥ ይቀላል። ኃላፊዋ ከፈቀደች የመጀመሪያው በሻይ ሰዓት ይሠራል። ዙሩ ግን ተጨማሪ ነርስ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ የሚወሰነው በጀት የሚመድበው ቢሮ ውስጥ ነው።