ስለ ሰብአዊ መብት ጥናትና ትምህርት ጎንደር ላይ የሚባለውና እውነታው

የትግራዩ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ቅጽ ይዞ የሚዞር ሰው በዝቷል። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አለ፣ የሰብአዊ መብት መርማሪ አለ፣ መምህራንንና ፖሊሶችን ሰብስቦ የሚያሠለጥን ድርጅት አለ። ተፈናቃይ ያለበት መጠለያ ይገባሉ፣ መንገድ ሲከፈት እስከ ዳባትና ደባርቅ ይዘልቃሉ። ስለ ሥራቸው ግን ቡና ላይም ታክሲ ውስጥም ብዙ ይባላል። አብዛኛው ልክ አይደለም። የሚጎዳው ደግሞ ተመራማሪውን ሳይሆን ተበዳዩን ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

«ሰብአዊ መብት የፈረንጅ ነገር ነው»

ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ1941 ዓ.ም. ሲጸድቅ የድጋፍ ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ስምምነት ከዓለም ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችውም እሷው ናት። የፋሺስት ግፍ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት የገለጠ ሰው ደግሞ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ስለ መብት መሆኑን ያያል።

ሐሜቱ መነሻ የለውም አልልም። ብዙው ፕሮጀክት የሚንቀሳቀሰው በውጭ ገንዘብ ነው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጊዜ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው የተነሳው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በመሀል ብዙ የአገር ውስጥ ድርጅት ተዳከመ። የገንዘቡ ምንጭ ይጠየቅ፣ መጠየቁ ተገቢ ነው። የተገደለው ሰው ግን የኛው ሰው ነው።

«የሚመዘግቡት የአንዱን ወገን በደል ብቻ ነው»

ይህን የማይል ወገን የለም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ጥቅምት 2014 ላይ ባወጡት የጋራ ሪፖርት ግን በትግራዩ ጦርነት ሁሉም ተፋላሚዎች ጥሰት ፈጽመዋል ተብሏል። እኛ ሰፈር በጣም የሚያመን የጨና ነው። ዳባት ወረዳ ውስጥ በነሐሴ 2013 መጨረሻ መንደሩን ይዘው በነበሩ የትግራይ ኃይሎች ሲቪሎች ተገድለዋል። ይህን ዓለም እንዲያምነን እንፈልጋለን። እንግዲያው የሌላውን ሐዘን የሚመዘግበውንም ሰው በክፉ ዓይን ማየት የለብንም። አንዱን መዝግቦ ሌላውን የዘለለ መርማሪ ስለ ጨና ቢናገርም የሚሰማው አያገኝም።

«ቃሌን ከሰጠሁ እርዳታ ይመጣልኛል፣ ካልሆነም ነገ ክስ ይከፈታል»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ሰው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነውና። ዘይትና ዱቄት ይመጣል ብላ ልጇ የሞተበትን ቀን የተናገረች እናት ምንም ሳይመጣ ሲቀር ሁለት ጊዜ ትጎዳለች።

ሥራውን የሚያውቅ መርማሪ ደብተሩን ከመክፈቱ በፊት ይህን ይናገራል፦ «እናቴ፣ ቃልዎን ስለሰጡ እርዳታ አይመጣም፣ ስላልሰጡም የሚቋረጥብዎት እርዳታ የለም። መመለስ የማይፈልጉትን ይለፉት። ይበቃኛል ካሉ እናቆማለን።» የቀበሌ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እያለ አይጠይቃቸውም። ሳያስፈቅድ ድምፅ አይቀዳም። ስሟ ከቃሏ ጋር አንድ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ቃሏ የሚቀመጠው በቁጥር ነው፣ የስም ዝርዝሩ ሌላ ቦታ ነው። ደብተሩ ኬላ ላይ ቢያዝ ማን ምን እንዳለ እንዳይታወቅ ነው ይህ ሁሉ።

ቀኑንም «ስንት ነበር?» ብሎ አያፋጥጥም። በጭንቅ ሰዓት ቀን ማን ይቆጥራል? «ከቡሄ በፊት ነው በኋላ? ለእንቁጣጣሽ ስንት ቀን ቀርቶ ነበር? የዚያን ሳምንት ገበያ ቆሟል?» ይላል። እንዲህ ሲጠየቅ ገበሬው ቀኑን ልክ ያስታውሳል። ከዚያ የሰማውን ከሌላ ምስክር፣ ከጤና ጣቢያ መዝገብ፣ ከመቃብሩ ጋር ያስተያያል። ክስ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ ግን በጊዜው በወጉ የተያዘ ቃል ከሌለ የሚቀርብ ነገር የለም።

ለድርጅቶቹም የምለው አለኝ። አንዷን ሴት አምስት ድርጅት ተራ በተራ እየመጣ ያንኑ ጥያቄ መጠየቁ ግፍ ነው። እርስ በርስ ተነጋገሩ። ጥናቱ ሲያልቅም ተመልሳችሁ ምን እንዳገኛችሁ ቃሉን ለሰጣችሁ ሰው ንገሩ።

የተደፈረች ሴት ጋ ሲሆን ደግሞ ቅጽ ይቅር፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት። ኤችአይቪ እንዳይይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ቃል ነገም ይያዛል።

«ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ፣ በቃ»

በቴሌግራም የተላለፈ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ይጨመቃል፣ መቼና የት እንደተቀረጸ የሚጠቁመው መረጃም አብሮ ይጠፋል። ዋናውን ፋይል ሳትቆርጡ፣ ጽሑፍ ሳትለጥፉበት አስቀምጡ። የተጎጂን ፊት አትልቀቁ፣ ቤተሰብ አለው።

«ዕርቅ እያለ ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል?»

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። የደከማቸው ሰዎች ናቸው። ግን የራሳችንን ሽምግልና እንየው። ደም ለማድረቅ የተቀመጡ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያጣሩት ማን ምን እንዳደረገ ነው። በዳዩ ሳያምን ስለ ካሳ አይወራም። እንዲያውም የምናውቀው ዕርቅ ከእውነት የሚጀምር ነው።

ሽምግልና የማይደርስበትም አለ። ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ስለሆኑ የሴቷ በደል ተሸፋፍኖ ሊቀር ይችላል። ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 እንደ ዘር ማጥፋት ያለ በሰብእና ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ (ጊዜው አለፈ ተብሎ) እንደማይታገድ፣ በምሕረት ወይም በይቅርታም እንደማይታለፍ ይደነግጋል። ሚያዝያ 2016 ላይ የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ዕርቅን ከእውነት ማፈላለግ፣ ከተጠያቂነትና ከካሳ ጋር አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ መብት የሚባል ነገር የለም»

የትግራዩን ጦርነት ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ዓመት ሳይሞላ ክልላችን ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ በ2015 ክረምት አዋጁ መጣ። በአዋጅ ጊዜ አንዳንድ መብት ይገደባል፣ እውነት ነው። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብት የተጻፈበት አንቀጽ 25 ግን በአዋጅም አይነኩም። አንቀጽ 93 ራሱ ነው ይህን የሚለው።

«ሥልጠናው ለአበል ነው»

አንዳንዱ እንደዚያ ሆኗል። ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ስላይድ ታይቶ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚያልቅ ሥልጠና ሁላችንም እናውቃለን። ታኅሣሥ 2004 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ትምህርት መግለጫ ግን ስለ መብት ማወቅ ብቻ አይበቃም ይላል። አስተማሪውም ተማሪውም በሚከበሩበት መንገድ መማር፣ ተምሮም መብትን ሥራ ላይ ማዋል አለበት። ስለ አካል ደኅንነት መብት ተምሮ ሲወጣ በር ላይ በአርጩሜ የተገረፈ ልጅ ምን ተማረ?

የሚሠራው ትምህርት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። በክበብ ሰዓት ተማሪዎች የክፍላቸውን ሕግ ራሳቸው ያወጣሉ፣ አርፋጅ ምን ይሁን ብለው ይከራከራሉ። ከተፈናቃይ ቤተሰብ የመጣው ልጅም እጁን ያወጣል። ፖሊስ ጣቢያ ላይ ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሚያውቅ መርማሪ ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ያ መዝገብ ሄዶ ሊታይ ይችላል። እናንተ ሰፈር ሥልጠና ከመጣ አዘጋጁን ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ይህን መዝገብ የሚያየው ማን እንደሆነ ጠይቁት።